መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም

ማይክሮፎን ተከፍቶ ገና ማንም ሳይናገርበት የሚያሰማው ያ ቀጭን ፉጨት፣ ከዚያ በጣት ሲመታ የሚከተለው ዱብ ዱብ፣ ከዚያም «ሀሎ፣ ሀሎ፣ አንድ፣ ሁለት» የሚለው ድምፅ፣ የትም ልሁን የት ወዲያው ቀና ያደርገኛል። ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ፣ ከየጤና ጣቢያው የተሰበሰብን ሠራተኞች ተራችንን እየጠበቅን ሳለ፣ ያው ፉጨት ድንገት አዳራሹን ሞላውና እጄ ሳላዘው ነጠላ ሊያስተካክል ወደ ትከሻዬ ሄደ። የለበስኩት ግን ሹራብ ነበር። ነጠላው የቢቸናው ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እማዬ ለወላጆች ቀን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ «እንዳታቆሽሺብኝ» ብላ ያዋሰችኝ።

ቤታችን ቢቸና ገበያው አጠገብ ነበር። አባዬ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ልብስ ይሰፋ ነበር፤ ነገር ግን ለስፌት ከሚመጣው ሰው ይልቅ ለሽምግልና የሚመጣው ይበዛ ነበር። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማቾች በድንበር ሲካሰሱ፣ የደረሰ ልጅ ያለው ሰው ሚስት ሊያጭለት ሲያስብ፣ መጀመሪያ ትዝ የሚለው የአባዬ የአያሌው በረንዳ ነበር። ዝናብ ሲጥል ደግሞ ባለጉዳዩ ሁሉ ወደ ቤት ይገባል። ያለችን አንዲት ሰፊ ክፍል ስለነበረች፣ እኔ ጥግ ይዤ ደብተሬን ስገልጥ ከፊቴ አንዱ «በሥላሴ ስም» እያለ ይምላል፣ ሌላዋ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፣ አባዬም «ቆይ፣ እሷ ትጨርስ» እያለ ተራ ያስይዛል። የዓባይን ገባሮች ሳልሸመድድ የማን በሬ የማንን ማሳ እንደበላ በቃሌ እወጣው ነበር። ጨዋታው ደስ ይለኝ ነበር፤ ጥናት ግን የሚባል ነገር አልነበረም።

በዚያ ዓመት መስከረም ሲጠባ፣ የቢቸና ጥቁር ጭቃ ጫማ መንጠቁን ሳያቆም ትምህርት ተከፈተ። ታላቅ እህቴ ስመኝ ክረምቱን የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ወድቃ ነበር። ውጤቱ የተነገረ ዕለት ስታለቅስ አላየኋትም፤ ደብተሮቿን በገመድ አስራ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቀለችና፣ በማግስቱ ከአባዬ ጎን ዱካ ላይ ተቀምጣ የቀሚስ ጠርዝ መዘምዘም ጀመረች። ያቺ ዱካ ሰፊ ነበረች። ሁለት ሰው ትይዛለች። ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር፣ ሰኔ ላይ እኔም ከወደቅኩ የምቀመጥበት ቦታ ተለይቶ የተጠበቀልኝ ይመስለኝና ሩጫ እጀምር ነበር።

ትምህርት ቤታችን ላይብረሪ ነበረው፤ ማለት፣ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ በሩ ላይ እንዲህ የሚል የተጻፈበት ክፍል ነበር። ትጠብቀው የነበረችው ሴት ወደ ሌላ ከተማ ከተቀየረች ወዲህ ተዘግቶ፣ እግራቸው የተሰበረ ዴስኮች ተከምረውበት ነበር። የመስኮቱ መስታወት በአንድ ጥግ ተሰንጥቆ ስለነበር፣ በዕረፍት ሰዓት አንድ ዓይናችንን ጨፍነን ስንመለከት ከዴስኮቹ በላይ የመጻሕፍቱ ጀርባ ይታየን ነበር። ሌሎቹ ልጆች አይተው ወደ ኳሳቸው ይመለሳሉ፤ እኔን የሚያስቀናኝ ግን መጻሕፍቱ አልነበሩም፣ የክፍሉ ዝምታ ነበር።

ገና ሲቃረብ አባዬ ለሽምግልና ሞጣ ሊሄድ ሆነ። የጎረቤታችን ልጅ ሞጣ ውስጥ አንዲት ልጅ ወድዶ ነበርና የልጁ አጎትና አባዬ ሊጠይቁለት ነው፤ እዚያ ደግሞ አባዬ ጨርቅ የሚያመጣበት የሞጣው ነጋዴ፣ ወዳጁ ጋሽ ሰዒድ፣ ሦስተኛ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እኔ በዓሉን ሞጣ አክስቴ ዘንድ እንድውል ተፈቅዶልኝ አብሬ ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ አቧራውን እያጨሰ ደብረ ወርቅን አልፎ፣ ጉንደ ወይን ላይ ቆሞ ተሳፋሪው ሻይ ጠጥቶ፣ ሞጣ የገባነው ፀጉራችን ሁሉ ቡላ ሆኖ ነበር። ደግነቱ የልጅቷ ወላጆች ቤት ከአክስቴ ቤት ጋር አጥር ይጋራ ኖሯል፤ በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ሲመጡ እኔ በአጥሩ ክፍተት ግንባሬን ለጥፌ ጠበቅኳቸው።

ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው ግቢው መሀል ቆሙ። የቤቱ ጌታ ወንበር አስወጥቶ «ኧረ ቁጭ በሉ፣ በእግዜር! ቆማችሁ ልናወጋ ነው?» አላቸው። አባዬ አልተቀመጠም። ስለ አዝመራው ጠየቀ፣ ስለ ከብቱ ጠየቀ፣ የቤቱን ደግነት ሞጣ ብቻ ሳይሆን ቢቸናም እንደሚያውቀው ተናገረ፤ የሚፈልገውን ነገር ከሩቅ ጀምሮ እየዞረ፣ እየዞረ መጨረሻ ላይ በሩ ላይ ሲደርስ፣ እኔ እንኳ የመጣበትን እያወቅኩ የአጥሩን እንጨት ጨብጬ ነበር። እንደገና «ተቀመጡ» ሲባል፣ «መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አለ። ዝግ ብሎ ነው ያለው፤ ቁጣም ልመናም የለበትም። የቤቱ ጌታ ዘመድ አማክሮ እንደሚመልስና ከጥምቀት በኋላ እንዲመለሱ ነገራቸው፣ እነሱም መርቀው ሄዱ።

ማታ አክስቴ ቤት ራት ላይ አባዬ ፊቱ ሲያበራ ግራ ገባኝ። «እምቢ አሏችሁ አይደል እንዴ?» አልኩት።

«ማን አለሽ? ቀን ቆርጠው ኑ አሉን እኮ! እምቢ ያለ ሰው ቀን አይቆርጥም።»

ጋሽ ሰዒድ ሳቀና፣ «የከፋው መልስ “እናያለን” ነው፣ ልጄ። እሱን ያሉሽ ዕለት በቁምሽ ቅሪ» አለኝ። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

መጋቢት ገባ። ጾሙ መሀል ላይ፣ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው ሙቀት ሁላችንንም ሲያንጎላጅጀን፣ የአማርኛ መምህራችን ጌታሁን የቤት ሥራ ሰጠን። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የማሳመኛ ንግግር አዘጋጅቶ በክፍል ፊት ያቀርባል፤ ከየክፍሉ የተሻለው ሚያዝያ ላይ በወላጆች ቀን በማይክሮፎን ይናገራል። መምህር ጌታሁን ንግግር መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ እንዳለው፣ አምስት ደቂቃ እንዳያልፍ፣ ተናጋሪ ቶሎ ወደ ጉዳዩ መግባት እንዳለበት ሰሌዳው ላይ ጻፈልን። ጓደኞቼ የትምህርትን ጥቅምና የአካባቢን ንጽሕና ተሻሙ። እኔ የተዘጋውን ክፍል ያዝኩ። ሳቀርበው ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሆኖም መምህሩ «አንቺ ነሽ የምትወጪው!» ሲለኝ ከደስታዬ ብዛት ደብተሬን ወንበር ላይ ረስቼ ነው ወደ ቤት የበረርኩት።

አባዬ አንብቢልኝ አለ። ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «ላይብረሪያችን መከፈት አለበት! ምክንያቱም...» ስል መቀሱን አስቀመጠ።

«ገና ደጁን ሳትረግጪ ጠየቅሽ እኮ! እንዲህ ተብሎ ማን ምን ይሰጣል?»

«መምህሩ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ግቡ ብሎናል።»

«መምህሩ ልጅ ድሮ አያውቅም ማለት ነው» አለና፣ መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ ወደ እኔ ዞረ።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ፣ ባለጉዳይ ከተሸኘ በኋላ ራት እስኪቀርብ በረንዳው የእኔ ሆነ። አባዬ ወረቀቱን ቀማኝ፤ ወረቀት የያዘ ሽማግሌ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እጄን የት እንደማደርግ፣ ሰውን ስጠይቅ ዓይኑን አይቼ መቼ ዓይኔን እንደምሰብር፣ ሰላምታ እንዴት እንደማይቸኮል አሳየኝ። ዳይሬክተሩን ሆና እንድትሠራ የታዘዘችው ስመኝ ነበረች። መጀመሪያ ላይ እየዘመዘመች፣ ቀና ሳትል «እሺ፣ እሺ» ትል ነበር፤ ኋላ ላይ ግን መነጽር ያደረገች ይመስል አፍንጫዋን ወደ ላይ ገፍታ፣ የዳይሬክተሩን ጉሮሮ ማጽዳት አስመስላ «እ... ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን...» ስትል እማዬ ከውስጥ ሆና በሳቅ ፈረሰች። ስመኝ ክረምት ከወደቀች ወዲህ ስትጫወት ያየኋት ያኔ ነው። ጥሩ ዳይሬክተር ነበረች፣ ክፉ። አንድ ቀን፣ «ክፍሉን ብከፍት ከትምህርት በኋላ ማን ይጠብቀዋል? ሠራተኛ የለኝም» ብላ ያዘችኝ፣ አባዬም ጢሙን አሻሸ። ይህን ሳንፈታው ሚያዝያ ደረሰ።

የወላጆች ቀን ጠዋት ነው። ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሎ፣ ወላጆች ከየክፍሉ በወጡ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተደርድረው ነበር። እማዬና ስመኝ ጎን ለጎን፣ አባዬ ለገበያ ከሞጣ ከመጣው ከጋሽ ሰዒድ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ማይክሮፎኑ ፉጭ አለ፣ ዱብ ዱብ አለ። ከእኔ በፊት የነበሩት ልጆች ውሻ እንደሚያባርራቸው እየተንደረደሩ ወረቀታቸውን አንብበው፣ ተጨብጭቦላቸው ወረዱ። ስሜ ሲጠራ የእማዬን ነጠላ እንደ አባዬ ጋቢ በትከሻዬ ላይ ጥዬ ወጣሁ። ወረቀት አልያዝኩም።

ሰላምታዬን ጀመርኩ። መምህራኑን እንደምን ዋላችሁ አልኩ፣ ወላጆችን አልኩ፣ ዘበኛውን ሳይቀር አልኩ። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሬ ቤተሰባቸው ደኅና መሆኑን ጠየቅኩ፤ ምላሴ የሞጣውን ግቢ መንገድ ይዞ ነበርና፣ «ከብቱስ ደኅና ነው?» አልኳቸው። ዳይሬክተሩ ቢቸና ውስጥ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ዶሮ እንኳ የሌላቸው ሰው ነበሩ። ተማሪው በሳቅ ተንከባለለ። መምህር ጌታሁን ከዳሱ ምሰሶ ሥር ሰዓቱን እያሳየ በጣቱ አየር ይቀጠቅጣል። ፊቴ ነደደ፤ አባዬን ሳየው ግን አልሳቀም፣ በራሱ ነቅነቅ አድርጎ ቀጥይ አለኝ።

ቀጠልኩ። ትምህርት ቤቱ ስንቱን እንዳሳደገ፣ ደጁ ለማንም ተዘግቶ እንደማያውቅ አወራሁ፣ ከዚያ አንዲት የተዘጋች በር እንዳለችው ተናገርኩ። «ከዚህ ቤት የምንፈልገው እሷን ነው» አልኩ። «ቤታችን ሰው ይበዛዋል፣ የምናነብበት ጥግ የለንም። ከእኛ ቤት አንዲት ልጅ ወድቃለች። ሰነፍ ሆና አይደለም፣ ቦታ አጥታ ነው። እኔም ሰኔ ላይ ተፈታኝ ነኝ።» የእህቴን ነገር ማንም አላስጠናኝም፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ስሟን አልጠራሁም፣ ስመኝ ግን አንገቷን ደፋች።

ተጨበጨበ። ዳይሬክተሩ ፈገግ ብለው በሌላው ማይክሮፎን፣ «ጎበዝ! ሐሳቡን እናየዋለን። በይ ተቀመጪ» አሉኝ።

እናየዋለን! ጋሽ ሰዒድ ራት ላይ ያለው ነገር ጆሮዬ ውስጥ ጮኸ። ልወርድ ፈልጌ ነበር፣ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። «መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም» አልኩ።

ሳቅ ከወዲያም ከወዲህም ፈነዳ። ዳይሬክተሩ «ተቀመጪ እንጂ ልጄ» ሲሉኝ የመጨረሻው ሳቅ እንደ መርፌ ወጋኝ፤ ጉልበቴ በነጠላው ሥር ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ያን ጊዜ አባዬ ጋቢውን ሰብስቦ ብድግ አለ። ጋሽ ሰዒድም ተነሣ። አብሮት የመጣ ሰው ቆሞ ሳለ እሱ መቀመጥ አይችልም፤ ወጉ ነው፣ ከሐሳብ በፊት እግር ያውቀዋል። ከኋላ ያሉት ሽማግሌዎችም ዱላቸውን ተመርኩዘው መነሣት ጀመሩ፣ አንዳንዶቹም የሕዝብ መዝሙር ሊዘመር መስሏቸው ቆባቸውን አወለቁ።

ዳይሬክተሩ የጉንደ ወይን ልጅ ናቸው። የቆመ ሽማግሌ ፊት እንዴት እንደሚሆን ያውቃሉ። ፈገግታቸውን ሰብስበው፣ የኮታቸውን ቁልፍ ቆልፈው፣ ማይክሮፎኑን አስቀምጠው በራሳቸው ድምፅ፣ «እንግዲህ መምህራኑን አማክረን እንመልሳለን። የፊታችን ሰኞ ኑ» አሉ። አባዬ «ያክብርልን» ብሎ እጅ ነሣና ተቀመጠ። ያኔ እኔም ወረድኩ፤ መውረድ ሳይሆን መብረር ነበር። መምህር ጌታሁን ከሰዓት ማለፍ የተነሣ ማርክ እንደቀነሰብኝ ሲነግረኝ፣ ከምሰሶው ሥር ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ነበር።

ሰኞ አባዬ፣ ጋሽ ሰዒድና እኔ ቢሮ ገባን፤ ጋሽ ሰዒድ ለዚህ ብሎ ወደ ሞጣ መመለሱን አዘግይቶ ነበር። ወንበር ቀረበ፣ አልተቀመጥንም። ዳይሬክተሩ መምህራኑ መስማማታቸውን ከነገሩን በኋላ ጉሮሯቸውን አጸዱ፤ እንደ ስመኝ አድርገው። «ግን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ማን ይጠብቀዋል? ሠራተኛ የለኝም» አሉ። የአባዬ አፍ ተከፍቶ ባዶውን ሲዘጋ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እህቴ ስመኝ ትጠብቀዋለች» አልኩ።

አላማከርኳትም። አባዬ ዞሮ አየኝ፤ ረጅም ነበር አስተያየቱ፣ ያቺን ዱካ፣ ያንን በገመድ የታሰረ ደብተር ሁሉ ያየ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞሮ፣ «ዋሱ እኔ ነኝ» አለ። ዳይሬክተሩ መሳቢያቸውን ስበው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖሩልን፣ ጋሽ ሰዒድም «በሉ አሁን እንቀመጥ፣ ወገቤ ሊቆረጥ ነው» ብሎ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ።

ስመኝ ስትሰማ ተቆጣች። «ማን ጠይቂልኝ አለሽ?» ብላ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ወደ ውስጥ ገባች፣ ያን ምሽት አላናገረችኝም። በማግስቱ ከሰዓት ግን መጥረጊያና ባልዲ ይዛ ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ዴስኮቹን አወጣን፣ አቧራውን ጠረግን፣ የአይጥ ጎጆ አፈረስን፤ መስኮቱ ሲከፈት የሚያዝያ ነፋስ ገብቶ ገጾቹን ሲያገላብጥ ጮኽን። እኔ ለፈተናዬ ሳጠና እሷ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ትዘመዝም ነበር። ትንሽ ቆይቶ መርፌውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው መጽሐፍ ትገልጥ ጀመር። ሰኔ ዝናብ ሲገባ መርፌውን ከቤት አላመጣችውም። እኔ በዚያ ክረምት አለፍኩ፤ እሷ በዓመቱ በግል ተፈትና አለፈች። ውጤቷ የተነገረ ዕለት የት እንዳለቀሰች አይቻለሁ፤ ያቺው ዱካ ላይ።

ስመኝ ዛሬ ሞጣ ውስጥ አስተማሪ ናት። አባዬም ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ የስፌት መኪናውን ሸጦ እሷ ዘንድ ነው የሚኖረው። ባሕር ዳር በዚያ ስብሰባ ተራዬ ሲደርስ፣ የጤና ጣቢያችን የክትባት ማቀዝቀዣ ከተበላሸ መቆየቱን፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ መጥተው ሳይከተቡ እንደሚመለሱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ጥርት አድርጌ ተናገርኩ። ሰብሳቢው አመሰገኑኝና «ይቀመጡ» ብለው ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ አለፉ። ማታ ለአባዬ ስደውል በኩራት ነበር የጀመርኩለት።

«ምን ብለው መለሱልሽ?» አለኝ።

«እናያለን አሉ።»

«ቀን ቆረጡልሽ?»

«አልቆረጡም።»

ከኋላው ስመኝ የተማሪዎቿን ደብተር ስታርም የገጹ ድምፅ ይሰማኛል። «እና ተቀመጥሽ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

የአዳራሹ ወንበር ለስላሳ ነበር፤ የሳቀብኝም ሰው አልነበረም። በቢቸናው ግቢ ያ ሁሉ ተማሪ ሲስቅብኝ፣ ጉልበቴ በእማዬ ነጠላ ሥር ሲንቀጠቀጥ ቆሜ ነበር፤ ዛሬ ጉልበቴ ጸንቶ፣ ሥራ ይዤ፣ ድምፄ ተስተካክሎ፣ «ይቀመጡ» ስባል ወዲያው ተቀመጥኩ። «ተቀመጥኩ፣ አባዬ» አልኩት።

«ሰኞ ተመለሺ» አለኝ። «ጉልበቴ ባይከዳኝ፣ መጥቼ ከጎንሽ እቆም ነበር።»